ደብረ ብርሃን ላይ የስፒከር ሳጥን ስሠራ የወረቀቱን ሊትር ልከተል ወይስ ልቀንስ?

የጠባሴ አናጢ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሳጥን ነው። ድምፅ ግን ከልጅነቴ የምወደው ነገር ስለሆነ ዘንድሮ ለሳሎኔ ጥንድ ስፒከር በገዛ እጄ ልሠራ ቆርጫለሁ። ከመርካቶ ባለ 8 ኢንች ዉፈር (ቤዙን የሚያወጣው) ጥንድ ከነትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው) ገዝቻለሁ። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ 8 ኦም፣ ኤፍኤስ (ስፒከሩ በራሱ በቀላሉ የሚነዝርበት ድግግሞሽ) 38 ሄርዝ፣ ኪውቲኤስ (ንዝረቱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚቆም የሚያሳይ ቁጥር) 0.42፣ ቪኤኤስ 60 ሊትር። ኢንተርኔት ላይ ያለ ማስሊያ ውስጥ ሳስገባው ዝግ ሳጥን ከሆነ 33 ሊትር ያህል አድርገው አለኝ። ባለ 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት ሰሌዳ) አንድ ሉህ ተዘጋጅቷል።

ከመቁረጤ በፊት ግን አንድ ደንበኛዬ «ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ስለሆነች ይሄ ስሌት እዚህ አይሠራም» አለኝ። እውነት ነው? የማዳምጠው በብዛት በገና፣ ክራርና የድሮ ኦርኬስትራ ነው፤ ለጭፈራ አይደለም። ሳሎኑ የድንጋይ ግድግዳ ነው፣ መካከለኛ ስፋት አለው። የምታውቁ እርዱኝ።

ሮቢት ሳውንድ (ሸዋ ሮቢት)

ወንድሜ፣ እኔ ለሠርግና ለበዓል ሞንታርቦ አከራያለሁ፣ ሳጥኖቹንም ራሴ ነው የምሠራቸው። ምክሬ አጭር ነው፦ ዝግ ሳጥን ተው፣ ቱቦ ያለው ሥራ። ዉፈሩ ከኋላ የሚያወጣው ድምፅ ለምን በከንቱ ይቅር? በቱቦው በኩል ስታወጣው ቤዙ ይጨምርልሃል። ሁለተኛ፣ ኤምዲኤፍ ተው፣ ኮምፔንሳቶ ግዛ። ኤምዲኤፍ ጠርዙ ላይ ውኃ ከነካው ያብጥና ብሎኑ ይለቃል፤ ክብደቱም መኪና ላይ ሲጫን ይገድላል። ስለ ከፍታው ግን ሰምቼ አላውቅም። እኛ ጣርማ በርን ወጥተን ደብረ ብርሃን ሠርግ ስንሠራ ድምፁ ትንሽ የሚደክም ይመስለኛል፤ እስከ ዛሬ በጄኔሬተሩ ነበር የማሳብበው።

ይታየኛል

ከፍታ? ድምፅ ማለት የአየር ንዝረት ከሆነ ነገሩ ያስኬዳል። እከታተላለሁ።

መምህርት ዘመሐል ሜዳ (መንዝ)

ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ደንበኛህ የተናገረው መሠረት አለው፤ «አይሠራም» ያለው ግን በዝቷል። ስሌቱ ይሠራል፣ የምታስገባው ቁጥር ነው የሚለወጠው።

ዝግ ሳጥን ውስጥ ያለው አየር እንደ ሞላ ነው። ኮኑ (የሚንቀሳቀሰው የስፒከሩ ፊት) ወደ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይጨመቃል፣ መልሶም ይገፋዋል። ቪኤኤስ ማለት ደግሞ የስፒከሩ ጠርዝና ከኮኑ ጀርባ ያለው ሽብሽብ ጨርቅ በሚለሰልሱበት ልክ የሚለሰልስ አየር ስንት ሊትር ነው ማለት ነው። የአየሩ ጥንካሬ ከአየር ግፊት ጋር አብሮ ይወርዳል፣ አብሮ ይወጣል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ያለው ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 ከመቶውን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,280 ሜትር ገደማ ስለሆነች 86 ከመቶ አካባቢ ይደርሳል። እኔ ያለሁበት መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከሁለታችሁም ያንሳል።

የወረቀቱ 60 ሊትር ለባሕር ጠለል አየር የተጻፈ ነው። ያው ስፒከር ደብረ ብርሃን ሲመጣ ቪኤኤሱ 43 ሊትር ገደማ ይሆናል። ስፒከሩ አልተለወጠም፤ የምናነጻጽርበት አየር ነው የላላው። ቀመሩ ይሄ ነው፦

የሳጥን ሊትር = ቪኤኤስ ÷ [(ኪውቲሲ ÷ ኪውቲኤስ)² − 1]

ኪውቲሲ ማለት ስፒከሩ ሳጥን ውስጥ ከገባ በኋላ የሚኖረው ኪውቲኤስ ነው፤ 0.707 ሲሆን ቤዙ ሳያብጥም ሳይጎድልም ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በ60 ሊትር ስታሰላ 32.7 ይመጣል፣ ማስሊያው 33 ያለህ ለዚህ ነው። በ43 ስታሰላ 23.5 ሊትር ይሆናል። ልዩነቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ነው። 33ቱን ብትሠራም ስፒከሩ አይበላሽም፣ ኪውቲሲው ወደ 0.64 ዝቅ ይልና ቤዙ ትንሽ ቀጠን ይላል። ብዙ ሰው ያንን ይወደዋል፣ በተለይ የድንጋይ ክፍል ውስጥ። ቁም ነገሩ ግን እንጨቱንም ቦታውንም በከንቱ ትጨርሳለህ።

ሮቢት ሳውንድ፣ ጄኔሬተርህን አትጥላው። አየሩ ሲሳሳ ያው ኮን ያንኑ ያህል ቢንቀሳቀስም የሚገፋው አየር ስለሚያንስ ድምፁ ይቀንሳል። ከሮቢት ደብረ ብርሃን ስትወጣ ልዩነቱ ከ1 እስከ 2 ዴሲቤል ነው። ከባሕር ጠለል ጋር ብናወዳድረው ወደ 3 ይጠጋል።

ሮቢት ሳውንድ

መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ! ስንት ጊዜ ጄኔሬተሩን ሳስፈታ ኖሬያለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት፤ የኔ ሳጥኖች ቱቦ አላቸው። ደብረ ብርሃን ስወጣ ቱቦውን ማሳጠር ወይ ማስረዘም አለብኝ?

መምህርት ዘመሐል ሜዳ

ቱቦውን አትንካው። የቱቦና የሳጥን ድግግሞሽ የሚወሰነው በድምፅ ፍጥነት ነው፤ የድምፅ ፍጥነት ደግሞ በሙቀት እንጂ በግፊት አይለወጥም። በቱቦው ውስጥ የሚወዛወዘው አየርም በሳጥኑ ውስጥ ያለው ሞላም እኩል ስለሚሳሱ ለውጣቸው እርስ በርስ ይጠፋፋል። 12 ዲግሪ በሆነ ማታና 30 ዲግሪ በሆነ ቀን መካከል የፍጥነቱ ልዩነት 3 ከመቶ ገደማ ነው፣ በጆሮ የሚያዝ አይደለም።

የጠባሴ አናጢን ግን ቱቦ ሥራ ብዬ አልመክረውም። ቱቦ ከተቃኘበት ድግግሞሽ በታች ኮኑን የሚይዘው አየር የለም፤ ወረቀቱ ትክክል ካልሆነ ደግሞ ቱቦው ያለቦታው ተቃኝቶ ቤዙ በአንድ ኖታ ላይ ብቻ ይጮኻል። ዝግ ሳጥን ስህተት ይችላል። ፈልሳፊው ኤድጋር ቪልቸር በ1954 ዝግ ሳጥንን አየሩን እንደ ዋና ሞላ አድርጎ ሲያወጣው የሰዉን ቀልብ የሳበው ከትንሽ ሳጥን ንጹሕ ቤዝ መውጣቱ ነበር። ለበገና የሚሆነው እሱ ነው፤ የበገና አውታር የሚነዝረው ድምፅ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ መጎተት የለበትም።

የጠባሴ አናጢ

መምህርት፣ በጣም ነው የማመሰግነው። 23 ሊትር እንግዲህ። ግን ወረቀቱ ራሱ እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ? ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» የሚል ጽሑፍም አለበት። ማግኔቱን ሳየው 1000 ዋት የሚሸከም አይመስለኝም።

የድሮ ራዲዮ ጠጋኝ (ደብረ ሲና)

ልጄ፣ ዋናውን ነገር አሁን ጠየቅህ። ያንን ወረቀት እጠፈውና አስቀምጠው። ስፒከሩ እጅህ ላይ ነው፣ ራሱን ጠይቀው። መሐንዲሶቹ ኔቪል ቲል በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጡት ስሌት ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው፤ የትኛውንም ስፒከር ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ መለካት ይችላል።

የሚያስፈልግህ፦ አንድ ትንሽ አምፕሊፋየር፣ ስልክህ ላይ ቀጥ ያለ ቶን የሚያወጣ አፕ፣ ዲጂታል ቴስተር፣ አንድ 1,000 ኦም ሬዚስተርና አንድ 10 ኦም ሬዚስተር። ሌላ የለም።

በመጀመሪያ ስፒከሩን ለብቻው በቴስተሩ ለካው፣ 8 ኦም የተባለው 6 ገደማ ያሳይሃል። ያንን ጻፈው። ከዚያ 1,000 ኦሙን ከስፒከሩ ጋር በተከታታይ አስረህ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘው። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርግና በመጀመሪያ በስፒከሩ ፋንታ 10 ኦሙን አስገብተህ በላዩ ያለውን ቮልት ጻፍ፤ መለኪያህ እሱ ነው፤ በኋላ በስፒከሩ ላይ የምታነበውን ቮልት ለዚህ አካፍለህ በ10 ስታባዛ የስፒከሩ ኦም ይመጣል። አሁን ስፒከሩን መልሰህ ቶኑን ከ20 ሄርዝ ጀምረህ ቀስ እያልህ ከፍ አድርገው። ቮልቱ እየወጣ እየወጣ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ጫፍ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። ጫፉ ላይ ያለው ሄርዝ ኤፍኤስ ነው። ስፒከሩን በአየር ላይ አንጠልጥለህ ለካው፣ ጠረጴዛ ላይ በአፉ ደፍተህ አይሆንም።

የጫፉን ኦም መጀመሪያ በቴስተሩ ለለካኸው የስፒከሩ ኦም አካፍለው፣ የተገኘውን ስኩዌር ሩት አውጣ። የስፒከሩን ኦም በዚህ ቁጥር ስታባዛ የሚመጣውን ኦም ከኤፍኤስ በታችም በላይም ፈልገው፤ ሁለት ሄርዝ ታገኛለህ። ኪውቲኤስ ማለት ኤፍኤስን ለሁለቱ ልዩነት አካፍለህ ውጤቱን ደግሞ ለዚያው ስኩዌር ሩት ማካፈል ነው። በትክክል ለክተህ እንደሆነ ማረጋገጫ አለው፦ ሁለቱን ሄርዝ አባዝተህ ሩቱን ስታወጣ ኤፍኤስ ላይ መመለስ አለበት።

ለቪኤኤስ ደግሞ ሊትሩን በትክክል የምታውቀው አንድ የሙከራ ሳጥን ሥራ፣ ቁርጥራጭ እንጨት ይበቃል፤ ብቻ አየር አያስወጣ። ስፒከሩን እላዩ ላይ አድርገህ ጫፉን እንደገና ፈልግ። አዲሱን ሄርዝ ለኤፍኤስ አካፍል፣ ውጤቱን በራሱ አባዛው፣ አንድ ቀንስ፣ በሳጥኑ ሊትር አባዛ። ይህን የለካኸው ደብረ ብርሃን አየር ውስጥ ስለሆነ መምህርት ያሉት የከፍታ ነገር ውስጡ ገብቷል። ሌላ ማስተካከያ አያስፈልግህም።

መምህርት ዘመሐል ሜዳ

ጋሼ የተናገሩት ከኔ ስሌት ይበልጣል። የለካኸውን አምጣልን፣ እናሰላዋለን።

ፀሐይ መውጫ (አንኮበር)

ስለ እንጨቱ ልጠይቅ። እዚህ አካባቢ የቆየ ጽድ ማግኘት ይቻላል፣ ሽታውም ውበቱም ልዩ ነው። ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ ከጽድ ቢሠራ ምን ይመስላችኋል?

የጠባሴ አናጢ

እቴ፣ እንጨቱን በተመለከተ እኔ ልመልስ፣ ዳቦዬ ነውና። ጽድ ቆንጆ እንጨት ነው፤ ግን ወጥ ጣውላ በክረምትና በበጋ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ስድስቱንም ገጽ በኮላ ያሰርኸው ሳጥን አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ ደግሞ ዝግ ሳጥን መሆኑ ቀረ። ለዚህ ነው ኤምዲኤፍና ኮምፔንሳቶ የሚመረጡት፤ በየትኛውም አቅጣጫ አይሸሹም። ከዚህም በላይ ከወፍ ዋሻ ደን የሚወጣ ጽድ ከሆነ እባክሽ አይነካ። እዚያ የቀረው ደን ለአገሩ ሁሉ የውኃ እናት ነው። ከድሮ ቤት የፈረሰ ጽድ ካገኘሽ በስሱ ሰንጥቀሽ ከፊት ለፊቱ እንደ ጌጥ ለጥፊው፣ ያምራል።

ባህር ዛፍ ለማጠናከሪያና ለእግር ይሆናል፣ ግን በደንብ የደረቀ። እርጥቡን ከተጠቀማችሁ ይጣመማል።

ለደብረ ብርሃን ሰው አንድ ማሳሰቢያ፦ ነጭ የእንጨት ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዝም። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ማታ አጣብቃችሁ ካደራችሁ ጠዋት ኮላው እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ በእጅ ሲመቱትም ይላቀቃል። ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ አጣብቁት፤ ከማታው ብርድ በፊት ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አስገቡት። ኤምዲኤፍ ስትቆርጡ ደግሞ ደጅ ላይ ይሁን፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ዱቄቱ ለሳንባ መጥፎ ነው። ጠርዙ ላይ ብሎን ከመክተታችሁ በፊት በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱት፣ አለበለዚያ ለሁለት ይከፈላል።

ሮቢት ሳውንድ

ስለ ኮላው እውነት ብለሃል። ቆላ ለኛ ተመቸን እንግዲህ። ለቤት ከሆነ ኤምዲኤፍ ይሁንልህ፣ ለመጓጓዣ ግን ከኮምፔንሳቶ አልወጣም።

የመንዝ ልጅ

ውስጡን በምን ትሞላዋለህ? እኛ ጋ የበግ ፀጉር በሽ ነው፣ ዝተትና ባና የሚሠራበት። ይሆናል?

መምህርት ዘመሐል ሜዳ

ይሆናል ብቻ ሳይሆን ከምርጦቹ አንዱ ነው! አርተር ቤይሊ በ1965 ባወጣው የታወቀ የሳጥን ንድፍ ውስጥ የተጠቀመው ረጅም የበግ ፀጉር ነው። ፀጉሩ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ሳጥኑ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ የሚመላለሰውን መካከለኛ ድምፅ ይውጠዋል። ቁመቱ 50 ሳንቲሜትር የሆነ ሳጥን ውስጥ ወደ 340 ሄርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ ይቆምና የሰውን ድምፅ በበርሜል ውስጥ እንዳለ ያስመስለዋል። ሁለተኛ፣ አየሩ ሲጨመቅ የሚፈጠረውን ሙቀት ፀጉሩ ስለሚቀበለው ሞላው ይለሰልሳል፤ በሥራ ላይ ሳጥኑ እስከ 20 ከመቶ የሰፋ ያህል ይሆናል። መጠኑ በሊትር ከ8 እስከ 14 ግራም ነው፣ ሳይታመቅ ተበትኖ።

ታዲያ የመንዝ ፀጉር ስቡ ብዙ ነው። በሞቀ ውኃና በሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ፤ ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ በእጅ በደንብ ፈልቅቁት። ብል እንዳይገባበት ሳይደርቅ አትክተቱት። ይሄ ሁሉ ከከበደ የትራስ ሰው ሠራሽ ጥጥም ይሠራል፣ ብል አይበላውም።

የጠባሴ አናጢ

ለክቼ መጣሁ። ጋሼ እንዳሉት ነው ያደረግሁት። የሁለቱ ውጤት ተቀራራቢ ነው፣ የአንዱን ልጻፍ፦

የስፒከሩ ኦም 6.0
ኤፍኤስ 40 ሄርዝ፣ ጫፉ ላይ 38 ኦም
38 ለ6 ሲካፈል 6.33፣ ሩቱ 2.52
ስለዚህ 15.1 ኦም የሆነበትን ፈለግሁ፦ 26 ሄርዝና 61 ሄርዝ
ኪውቲኤስ = 40 ÷ 35 ÷ 2.52 = 0.45
በ20 ሊትር የሙከራ ሳጥን ውስጥ ጫፉ ወደ 71 ሄርዝ ወጣ፤ ቪኤኤስ 43 ሊትር።

26 እና 61 ተባዝተው ሩታቸው 39.8 ነው፤ ልኬቱ ትክክል ነው ማለት ነው። የቴስተሩ ቁጥር እየወጣ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ማየት ደስ ይላል፤ ከልጄ ጋር ነበር የለካነው። እሱ ቶኑን ያንቀሳቅሳል፣ እኔ እጽፋለሁ።

መምህርት ዘመሐል ሜዳ

ግሩም ልኬት ነው! ቪኤኤስ በከፍታ ስሌት ከገመትነው ጋር ገጠመ። ኪውቲኤስ ግን ወረቀቱ ካለው ከፍ ያለ ነው፣ ስለዚህ መልሱ 33ም 23ም አይደለም። 43 ÷ [(0.707 ÷ 0.45)² − 1] = 29 ሊትር። ሳጥን ውስጥ ሲገባ የስፒከሩ ድግግሞሽ 63 ሄርዝ ይሆናል፤ ከዚያ በታች ቤዙ እየለሰለሰ ይወርዳል፣ የክፍልህ ግድግዳ ደግሞ ይደግፈዋል።

የውስጡን ልክ 22 በ28 በ50 ሳንቲሜትር ብታደርገው 30.8 ሊትር ይሰጥሃል። ስፒከሩና መሐል የምታስገባው ማጠናከሪያ ወደ 2 ሊትር ይወስዳሉ። ሦስቱ ልኮች እኩል ወይም እጥፍ ስላልሆኑ የሚመላለሰው ድምፅ አንድ ቦታ ላይ አይደራረብም። ከግድግዳው ውፍረት ጋር የውጭ ልኩ 25.6 በ31.6 በ53.6 ይሆናል። አንድ ሉህ ለሁለቱም በቅቶ ይተርፍሃል።

የድሮ ራዲዮ ጠጋኝ

ጎበዝ። አሁን ማከፋፈያው ቀረህ፤ ቤዙን ለዉፈሩ፣ ቀጭኑን ድምፅ ለትዊተሩ የሚለየው ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ትዊተሩ ላይ አንድ 4.7 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ብቻ ሰክቶ ይጨርሳል፣ ዉፈሩን ደግሞ እንዳለ ይለቀዋል። ባለ 8 ኢንች ኮን ላይ ቀጭኑ ድምፅ ሲጮኽ ጆሮ ይበሳል፣ የማሲንቆ ድምፅ ቆርቆሮ ይሆናል። በ2,500 ሄርዝ ሁለቱንም ለያቸው። ለዉፈሩ በተከታታይ 1 ሚሊሄንሪ የሽቦ ጥቅል፣ ከዉፈሩ ጎን ለጎን 4 ማይክሮፋራድ። ለትዊተሩ የዚህ ግልባጭ፦ በተከታታይ 4 ማይክሮፋራድ፣ ከጎኑ 1 ሚሊሄንሪ። ይሄ ትዊተርህ የራሱ ድግግሞሽ ከ1,250 ሄርዝ በታች ከሆነ ነው፤ እሱንም እንደ ዉፈሩ ለካው። ከፍ ካለ መለያውን ከፍ አድርገው።

ጥቅሉን ከሞተር ጠምጣሚ 1 ሚሊሜትር ሽቦ ገዝተህ በፕላስቲክ ቱቦ ላይ ጠምጥመው፣ ብረት ውስጡ አይግባ። ልኩን ማወቂያ መሣሪያ ከሌለህ ጥቅሉንና 4 ማይክሮፋራዱን በተከታታይ አድርገህ በሬዚስተር በኩል ቶን ልቀቅባቸው፤ በሁለቱ ላይ ያለው ቮልት ከሁሉ የሚወርድበት ሄርዝ 2,500 ገደማ ከሆነ ጥቅልህ ልክ ነው። ሄርዙ ካነሰ ሽቦ ፍታ፣ ከበለጠ ጨምር። ካፓሲተሩ ምሰሶ የሌለው ዓይነት ይሁን። ተራው ኤሌክትሮሊቲክ ብቻ ከተገኘ ሁለት ባለ 10 ማይክሮፋራድ ጀርባ ለጀርባ፣ አሉታዊ በአሉታዊ አገናኝተህ 5 ይሰጥሃል፤ ለመሞከሪያ ይበቃል።

የጠባሴ አናጢ

ጋሼ፣ አንድ ቦታ ላይ ትዊተሩ በግልባጭ ይታሰር የሚል አንብቤ ነበር። እውነት ነው? ደግሞ ምልክት የሌለውን ገመድ እንዴት እለያለሁ?

የድሮ ራዲዮ ጠጋኝ

አዎ፣ በዚህ ዓይነት ማከፋፈያ መለያው ላይ የሁለቱ ድምፅ እርስ በርስ ስለሚጠፋፋ የትዊተሩን ቀይና ጥቁር ለዋውጠህ እሰረው። ለመፈተን 2,500 ሄርዝ ቶን ልቀቅና ከፊት ለፊት አንድ ሜትር ላይ ሆነህ ስማ፤ አስተሳሰሩን ስትቀያይረው ድምፁ ጎላ የሚልበት ትክክለኛው ነው።

የዉፈሩን ምልክት ለማወቅ ባለ 1.5 ቮልት የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ንካው። ኮኑ ወደ ውጭ ከዘለለ የባትሪው አዎንታዊ የነካው ጫፍ አዎንታዊ ነው። ሁለቱንም ሳጥን እንዲህ ለይተህ ምልክት አድርግባቸው፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ከገባ ቤዝህ መሐል ላይ ይጠፋል። ትዊተሩን በባትሪ አትንካው፣ ሽቦው ቀጭን ነው።

የኋላውን ክዳን ከማሰርህ በፊት የመገጣጠሚያዎቹን ውስጥ ዙሪያ በሲሊኮን ሙላ፣ ክዳኑ የሚያርፍበት ላይ ስስ ስፖንጅ ለጥፍ። ሲደርቅ ዉፈሩን በአራት ጣትህ መሐሉን ሳይሆን ዙሪያውን ቀስ አድርገህ ግፋውና ልቀቀው። ዝግ ብሎ ከተመለሰ ሳጥኑ አየር ይዟል። ቶሎ ፈንጠር ካለ አንድ ቦታ ይተነፍሳል፤ ከገመድ መግቢያው ጀምረህ ፈልገው።

የጠባሴ አናጢ

ገባኝ ጋሼ። ቅዳሜ ከረፋዱ በኋላ እቆርጣለሁ። የመንዝ ልጅ፣ ለሁለቱ ሳጥን ከ500 እስከ 700 ግራም የታጠበ ፀጉር የሚሸጥ ሰው ብታውቅ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

የመንዝ ልጅ

አክስቴ ጋ አለ። ለሐሙስ ገበያ ስትወርድ እልክልሃለሁ።